ከነቋጠሮው የወጣው ፌስታል

በየትኛው ዓመት እንደሆነ ብትጠይቁኝ በትክክል አላስታውስም። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ነገር ተነሥቶ፣ የአምቦ መንገድ ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ በድንጋይ የሚዘጋበት ጊዜ ነበር። የመጀመሪያው ግርግር ይሁን የኋለኛው ተምታቶብኛል። ሚስቴ «ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው» ትላለች፤ እኔ ደግሞ ጭቃ አስታውሳለሁ። ያልተምታታብኝ ነገር ቢኖር ላሜ የሰባት ወር እርጉዝ እንደነበረች ነው።

ቡራዩ የገባነው የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ አላስቀምጥ ብሎን ነው። ከዘበኝነት ሥራዬ ጡረታ ስወጣ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አቃተኝና አንዲት ላም ገዛሁ። ከግቢያችን ጥግ በረት ሠራሁላት። ወተቷ ከእኛ አልፎ ለጎረቤትም ይደርስ ነበር።

መንገዱ ሲዘጋ ከመኖዋ መጀመሪያ የጠፋው ፍሩሽካ ነው። ቀጥሎ ፋጉሎ ጠፋ። ገለባ የሚያመጣልኝ ሰውዬም ከሆለታ በኩል ነበርና እሱም ቀረ። ጎረቤቶቼ ይህን ሲያዩ የቤታቸውን ልጣጭ ያጠራቅሙልኝ ጀመር። የድንች ልጣጭ፣ የጥቅል ጎመን ቅጠል፣ ወጥ የነካው የእንጀራ ፍርፋሪ፣ ሁሉንም በፌስታል ቋጥረው የግቢዬ በር ላይ ካለው ምስማር ያንጠለጥሉልኛል። የእኛ ሰው ፌስታል ሲቋጥር ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ እንዳይፈስ ብሎ ሁለቴ ነው የሚያጠብቀው። የእኔ ጣቶች በቁርጥማት ደርቀዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንዴ በጥርሴ አንዴ በቢላ እየታገልኩ ፈታሁ። ኋላ ሰለቸኝ። ፌስታሉን ራሷ ቀድዳ ትብላው አልኩና ከነቋጠሮው ገንዳዋ ውስጥ እጥልላት ጀመር። ጨው የነካውን ነገር ላም እንደማትተው አውቃለሁ። አውቄም አላሰብኩበትም።

አንድ ጠዋት ላሟ ማመስኳት አቆመች። ግራ ጎኗ ተነፋ፣ ወተቷም ነጠፈ። እርጥብ ሣር ነፍቷት ነው ብዬ የኑግ ዘይት አጠጣኋት። ለውጥ የለም። በሁለተኛው ቀን ዓይኗ ጎደጎደ።

ጎረቤቴ የሚኒባስ ሾፌር ነው። መኪናው ከቆመች ሳምንት አልፏት ስለነበር ውሎው እኔ በር ላይ ሆኗል። ላሟን አየት አደረገና ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ይቺ ላም ተሰጥቷታል።»

«ምን?»

«መርዝ ነዋ። ባለሱቁ ሲዝት እኮ ቆሜ ሰምቻለሁ።»

ባለሱቁ ከግቢዬ በር ትይዩ የሚነግድ ሙስሊም ጎረቤቴ ነው። አገሩ ሩቅ ቢሆንም ቡራዩን ከእኔ በፊት ነው የለመዳት። ከጥቂት ቀናት በፊት ላሜ አምልጣ የጨው ጆንያውን ስትልስበት በመጥረጊያ እንጨት አባርሯት፣ «አባባ፣ ይቺን ላም ይያዙልኝ። አንድ ቀን ያልሆነ ነገር ትውጥና እኔን ይጠይቁኛል» ብሎኝ ነበር።

«ማስጠንቀቁ እንጂ መዛቱ አልነበረም» አልኩት ለሾፌሩ።

«እርስዎ ለሁሉም እንዲህ ነዎት። ጅብ ቢበላዎት እንኳ ርቦት ነው ይላሉ።»

ሳቅሁ፤ ግን ሳቄ ብዙ አልቆየም። በዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ ሆድ ብሶታል። መርዝ የሚል ቃል ጠዋት ከአንድ አፍ ከወጣ ከሰዓት በኋላ ድንጋይ ይዞ ነው የሚመለሰው። እኩለ ቀን ሳይሞላ ባለሱቁ መዝጊያውን ግማሽ ዘጋ። አላፊ አግዳሚው ሱቁን በጎሪጥ ያየዋል። ላሜን ብቻ ሳይሆን ሰውዬውንም ላጣው መሆኑ ታየኝ።

ሚስቴ ያኔ ገንዳውን እያጠበች ነበር። ቀና አለችና፣ «እኔ የምልህ፣» አለች፣ «ሳምንቱን ሙሉ የተንጠለጠለው ፌስታል ሁሉ የት ገባ?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሁለት ብቻ ነው ገንዳው ውስጥ የቀረው።

እንደ አጋጣሚ በእኛ መንደር የምትከራይ የከብት ሐኪም ነበረች። ሥራዋ ወደ ሆለታ ነው። መንገዱ ተዘግቶ ቤት ውላለች። ሁላችንን ያስመረረን የመንገድ መዘጋት ለእኔ በዚህ በኩል በጀኝ። ሳጥኗን ይዛ መጣች፣ የላሟን ግራ ጎን በቡጢዋ ጫን ጫን አደረገችና ዞር አለች።

«አባባ፣ ምንድን ነው የሚያበሏት?»

«ልጣጭ።»

«በምን ይሰጧታል?»

«በገንዳ።»

«ገንዳው ውስጥስ በምን ይገባል?»

ሚስቴ ናት የመለሰችው። «ከነፌስታሉ ነው የሚጥልላት። ንገራት እንጂ፣ ከሐኪም ይደበቃል?»

ሐኪሟ አልተቆጣችኝም። ፌስታል ሆድ ውስጥ እንደማይፈጭ፣ ወደ ታች እንደማያልፍ፣ እየተጠቀለለ መንገዱን እንደሚዘጋ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። «ሆዷ ሞልቶ ነው በረሃብ የምትሞተው» አለች። ሁለት ምርጫ ሰጠችኝ፦ ወይ ሳትሞት ማረድ፣ ወይ እንደቆመች ጎኗን ከፍቶ ማውጣት። «እርጉዝ ናትና ቃል አልገባልዎትም።»

እኔ መጀመሪያ ወደ በሩ ሄድኩ። በር ላይ ሾፌሩም፣ ኦቦ እያልን የምናከብራቸው የሠፈሩ አንጋፋ ሽማግሌም፣ ሌላም ሰው ቆሟል። «ሰዎች፣ መርዝ የለም» አልኳቸው። «በእጄ ፌስታል ያበላኋት እኔ ነኝ።»

ማንም አላመነኝም። እንዲያውም አዘኑልኝ።

«ጋሼ ሊያስታርቁ ነው» አለ ሾፌሩ።

ኦቦ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ፈገግ አሉ። «ሽማግሌ ለማስታረቅ ቢዋሽ ነውር የለውም» አሉ። «እኔም ስንቴ ዋሽቻለሁ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳስታርቅ ኖሬ፣ እውነት ስናገር የማስታረቂያ ውሸት ሆነብኝ። አውቃለሁ፣ ስንት ጊዜ እኔም «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብዬ የሰው ጥል አብርጃለሁ። አሁን ያ ልማዴ ጎረቤቴን ሊያስበላው ነው። በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት።

«እንግዲያው ግቡና ጎኗ ሲከፈት በዓይናችሁ እዩ።»

ላሟን ከሁለት የባሕር ዛፍ ምሰሶ መሐል አቆምናት። ሐኪሟ ጎኗን በምላጭ ላጨች፣ ማደንዘዣ ወጋች። «ጭንቅላቷን አጥብቆ የሚይዝ ሰው እፈልጋለሁ» ስትል ሁሉም ተያየ። ከኋላ «እኔ እይዛለሁ» የሚል ድምፅ መጣ። ባለሱቁ ነው። እጅጌውን ሰብስቦ በሰዉ መሐል አልፎ መጣ። «ምን ዓይነት ደፋር ነው» ያለ ሰው ሰማሁ። እኔ ገመዱን አንሥቼ ለእሱ ሰጠሁት።

ቆዳው ሲከፈት ምሰሶውን ተደገፍኩ። ሐኪሟ ክንዷን እስከ ክርኗ አስገባችና የመጀመሪያውን ሳበች። እንደታሸ ሊጥ የተጠቀለለ ነገር ወጣ። ሳፋ ውስጥ ጣለችው። ደግማ ሳበች፤ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ። ሚስቴ ውኃ ስታፈስበት አንድ በአንድ ተፈለቀቀ። የየፌስታሉ ጎን ተቀዷል፣ አፉ ላይ ያለው ቋጠሮ ግን ሰው እንዳጠበቀው ነው። ሁሉም ሰው የገዛ ጣቱን ሥራ እያየ ነበር።

የሾፌሩ ሚስት ጎንበስ ብላ አንዱን አነሣች። «ይሄ የእኔ ነው» አለች ቀስ ብላ። «በቀይ ክር ደርቤ የማስር እኔ ብቻ ነኝ።»

ሾፌሩ ፌስታሉንም ሚስቱንም አየ። ከዚያ ባለሱቁን አየ። «በዚህ ዓይነት መርዘኛው እኔ ነኛ» አለ።

«የእኔም እጅ አለበት» አለ ባለሱቁ የላሟን ቀንድ እንደያዘ። «ሁሉም የወጣው ከእኔ ሱቅ ነው።»

ኦቦ ሳቁ፣ ከዚያ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እንደዚያ የጣመኝ ሳቅ አላውቅም። ሁለት ሳፋ ሞልቶ ነው ሐኪሟ መስፋት የጀመረችው። ሾፌሩ ሳይጠራ ሄዶ የላሟን ገመድ በሌላው በኩል ያዘ። እሱና ባለሱቁ ትከሻ ለትከሻ ቆመው ስለ ዘይት መጥፋት ሲያወሩ ሰማሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በረቱ ውስጥ ስገባ ላሟ ተኝታ ታመሰኳለች። አገጯ ወዲህ ወዲያ ሲል ቆሜ አየሁ፣ አየሁ፣ አልጠገብኩም። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ጥጃ ወለደች። እንገሩ ከቤት ቤት ዞረ፤ መጀመሪያ የቀመሰው ባለሱቁ ነው።

ከዚያ ወዲህ የግቢዬ በር ላይ ያለችው ምስማር ባልዲ ነው የሚንጠለጠልባት። ባለሱቁ ዘንቢል ይዞ ለመጣ ሰው ፌስታል አይሰጥም፤ ሳይዝ የመጣውንም «የአባባን ላም ረሳሃት እንዴ» እያለ ያሳፍረዋል። የሠፈሩ ሴቶች ከሰል ሲያያይዙ ፌስታል ያነዱ ነበር። ሐኪሟ አንድ ቀን አይታቸው፣ «ላሟ በአፏ የበላችውን እናንተ በአፍንጫችሁ እየበላችሁት ነው፤ ጢሱ ለሳንባ መርዝ ነው» አለቻቸው። ይኸው ተዉት። የሚስቴም የጠዋት ሳል ቀለል አለላት። ሱሉልታ ላሞች ያሉት የሚስቴ ወንድም ወሬውን ሰምቶ፣ ቡራዩ ድረስ መጥቶ ጠባሳውን በእጁ ዳሰሰ። ሲመለስ በረቱን አጥሮ፣ ከመስኩ ፌስታል አስለቅሞ ነው ላሞቹን የለቀቀው። እንዲህ ያለ ወሬ ሲደርሰኝ ደረቴን ነፋ አድርጌ እሄዳለሁ፣ አልዋሽም።

ሰው ሁሉ የሚያመሰግነው ሐኪሟን ነው፤ ይገባታልም። ነገር ግን የላሜ ጎን ተከፍቶ እኔ መሬቱ ሲዞርብኝ፣ «አባባ፣ ቁስሉን አይዩ፣ እኔን ይዩኝ፤ ከእኔ ጋር ያውሩ» እያለ፣ ገመዱን ሳይለቅ እስከ መጨረሻው ስፌት ያቆመኝ ያ መርዝ አበላ የተባለው ባለሱቅ ጎረቤቴ ነው።