ለልጆቹ የተጸየፈው ትርፍ

የብረት በርና መስኮት የሚሠራ አንድ በያጅ ነበር። ሰፈሩ «ሐላሉ» ይለዋል። ሲያሾፉበት ያወጡለት ስም ነው፤ እሱ ግን እንደ ማዕረግ ተቀብሎ ደረቱን ነፍቶ ይሄድበታል። ሻይ ሲጋብዙት «ከምን ገንዘብ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ በሉ እናንተው ፍረዱ፣ ሌላ ምን ስም ይወጣለታል?

እንዲህ ያለው ሰው ባንክ ይገባል? ገባ። ሌባ የብየዳ ቤቱን ሰብሮ በቆርቆሮ ያጠራቀመውን ጥርግ አድርጎ ሲወስድበት ምን ያድርግ! ከወለድ ነፃ የሆነ የሙዳረባ ሒሳብ አለ ሲሉት ሄደ። አንተ ገንዘብህን ታስቀምጣለህ፣ ባንኩ ይነግድበታል፣ ትርፉን በተስማማችሁበት ድርሻ ትካፈላላችሁ፣ ከከሰረም ኪሳራው አለ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራ ሞቀም ቀዘቀዘም በየሳምንቱ ሳያስገባ አይውልም። በቁጠባስ ማን ይችለዋል!

ጣጣው የመጣው ከትርፉ ጋር ነው። የመጀመሪያው ድርሻ ሒሳቡ ላይ ገብቶ ሲያይ ክው አለ። «እኔ ሳልለፋበት የመጣ ገንዘብ ወለድ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ባንክ መቼም ባንክ ነው፤ ስሙን ለውጠው ሊያበሉኝ!» አለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እየተባለ ያደገ ሰው ነው። እንግዲህ ወይ የባንኩን ሠራተኛ ወይ የመስጊዱን ኡስታዝ መጠየቅ ነበረበት። ግን ሰው ሁሉ ሐላልና ሐራሙን እሱን እየጠየቀ፣ እሱ ደግሞ ዞሮ ሌላ ሰው ይጠይቅ? ሞቶ ነዋ! ወለድ እጁ የገባበት ሰው ራሱ ሳይበላው ለችግረኛ ያውጣው ሲባል ሰምቷል። ያቺኑ ቃል ይዞ፣ ትርፉ በመጣ ቁጥር እያወጣ ለሟች ወንድሙ ሚስት ይሰጥ ጀመር።

መስጠቱስ ደግ ነበር። ምን ብሎ ሰጠ? «ከላቤ የተረፈ ነው፤ ለልጆቹ ይሁን» ብሎ። ሴትዮዋ እጆቿን ዘርግታ፣ «አላህ እጅህን ይባርክልኝ ወንድም ጋሼ፤ ልጆችህን ያሳድግልህ» ትላለች። እሱም ዐይኑን በጨው አጥቦ «አሚን» ብሎ ይቀበላል። ቤቱ ሲገባ ግን የገዛ ልጆቹ ከዚያ ገንዘብ አንዲት ብስኩት እንዳይቀምሱ ይጠነቀቃል።

እሷ ምን ታውቃለች? በዚያ ገንዘብ የስፌት መኪና ገዛች፤ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ቤቷን ቀጥ አድርጋ ያዘች። አንድ ጠዋት ብየዳ ቤቱ ድረስ መጣች።

«ወንድም ጋሼ፣ እኔም እንዳንተ በየሳምንቱ ልቆጥብ ነው። አንተ ያለህበት ባንክ ውሰደኝ። አንተ ያላመንከውን እኔ አላምንም።»

ምስጢሩ እንዳይወጣበት ፈራ። ግን ምን ብሎ እምቢ ይላል?

ሄዱ። መነጽር ያደረገች ሠራተኛ አስቀምጣቸው ስለ ድርሻው፣ ስለ ትርፉም ስለ ኪሳራውም አስረዳች። የወንድሙ ሚስት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፤ «ትርፉን ለልጆቼ ባበላው ነውር የለውም? ወለድ አይደለም?»

«ኧረ በፍጹም! ተነግዶበት የተገኘ ሐላል ድርሻዎ ነው» አለች ሠራተኛዋ። «ይኸው እሳቸው የቆዩ ደንበኛችን አይደሉ? ትርፋቸውን በመጣ ቁጥር አውጥተው ይወስዳሉ። ይጠይቋቸው።»

ምነው ያን ጊዜ አፉን በዘጋው! ሐላልነቱ በሰው ፊት የተነካ መሰለውና ቱግ አለ። «እኔ? ወላሂ አንድ ቀን ቀምሼው አላውቅም! ልጆቼም አልቀመሱም! እንዳወጣሁት ለችግረኛ ነው የምሰጠው!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

«ውይ አባቴ፣ ምነው ጠይቀውን ቢሆን! የራስዎ ንጹሕ ገንዘብ እኮ ነው» አለች ሠራተኛዋ አዝና። የወንድሙ ሚስት ግን እሷን አልሰማቻትም። ወደ እሱ ዞራ ታየዋለች። እሱ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ችግረኛዋ እኔ ነኝ?» አለችው ቀስ ብላ።

«ንጹሕ ነው እኮ... ስትናገር ሰምተሻል አይደል...» ተንተባተበ።

«ገንዘቡማ ንጹሕ ነው። አንተ ግን ቆሻሻ ነው ብለህ ነው ያመጣህልኝ። ለልጆችህ የተጸየፍከውን ለወንድምህ ልጆች አጎረስክ። ዱዓዬንስ ምን ብለህ ተቀበልከኝ?»

 አንገቱን ደፋ። እሷም ወደ ሠራተኛዋ ተመልሳ «ቀጥይ ልጄ» አለችና ፈርማ ሒሳቧን ከፈተች። ወደ ቤት ሲመለሱ እሷ ከፊት ከፊት ሄደች።

ከዚያ በኋላ «ሐላሉ» ብለው ሲጠሩት ያልሰማ መስሎ ያልፋል። ያፍራላ! ብረት እየቆረጠ እያለ እንኳ ያ «አሚን» ትዝ ሲለው ብቻውን ፊቱን ይሸፍናል። ቀጣዩ ትርፍ እንደ ደረሰ አውጥቶ፣ አንገቱን ሰብሮ ደጇ ቆመ።

«አሁን ንጹሕ መሆኑን አውቄ ነው ያመጣሁት» አለ። «ይቅር በይኝ።»

እጇን አልዘረጋችም። «መጀመሪያ ልጆችህ ይብሉ። ከተረፋቸው ታመጣለህ» አለችው።

በትርፉ ሥጋ ገዝቶ ቤቱ ገባና ነገሩን ሁሉ ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ ሥጋውን እየከተፈች ሰማችው፤ ሲጨርስ «የወንድምህን ልጆች!» ብላ ጀርባዋን ሰጠችው። ማታ ልጆቹ እስኪጠግቡ በሉ። እሱ ቁጭ ብሎ አያቸው። ከዚያ የተረፈውን በሳሕን አድርጎ፣ ልጅ ሳይልክ፣ ራሱ ይዞ ሄደ።

የወንድሙ ሚስት በሁለት እጇ ተቀበለችው። ልጆቿን ጠርታ፣ «ኑ ብሉ፤ አጎታችሁ ከቤቱ አምጥቷል» አለቻቸው። እሱንም አመሰገነችው። ቁጭ በል ግን አላለችውም።