«እርስዎስ ምን አደረጉ?» ብለው ጠየቁኝ

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ዛሬ ሳልናገር ብቀመጥ ቤቴ ገብቼ እህል የሚወርድልኝ አይመስለኝም። ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ። ዘነበች እባላለሁ። የማታውቁኝ ካላችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እየመጣሁ፣ ሁልጊዜ ዘግይቼ ገብቼ ኋላ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ታክሲው ነው የሚያስረፍደኝ፣ ስንፍና አድርጋችሁ አትዩብኝ። ስሙ ይባረክ!

ጌታን ከማወቄ በፊት እዚሁ ቃሊቲ አንድ ብስኩት ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ኦፕሬተር ነበርኩ። ሃይማኖቴ የስም ብቻ ነበር፤ እሑድ ለእኔ የልብስ ማጠቢያ ቀን ነው። አጠገቤ የምትሠራው ወርቄ፣ ያቺ ፊት ለፊት የተቀመጠችው እህታችን፣ ቀኑን ሙሉ መዝሙር ታንጎራጉራለች። እኔ ደግሞ ኧረ ባክሽ የማሽኑ ጩኸት ይበቃናል እላታለሁ። ትስቅና ትቀጥላለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሊጡን የሚዳምጠው ሮለር የወርቄን እጅ ያዘው። እዚህ ልጆች ስላሉ ብዙ አላወራውም። ጣቶቿን አጣች። እኔ ከዚያ ቀን የማስታውሰው ጩኸቷንና ደንግጬ ቆሜ መቅረቴን ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ ጨለማ ነው። ጓደኛዬ ዓይኔ እያየ ስትጎዳ እንደ ግንድ ተገትሬ ቀረሁ እያልኩ ራሴን በላሁት።

ከዚያ በኋላ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ብርጭቆ መያዝ አቃተኝ። ጎረቤት ወፍጮ ሲነሳ ጆሮዬን በሁለት እጄ እደፍን ነበር። ሥራዬን ለቀቅሁ። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ መረመረኝ፣ እጄን አገላበጠና እጅሽ ጤነኛ ነው፣ የደነገጠው ልብሽ ነው፣ ጊዜ ስጪው አለኝ። ጊዜ ሰጠሁት፤ ጭራሽ ባሰብኝ። እናቴ ከሰው ተቀላቀይ፣ ብቻሽን አትቀመጪ ብትለኝም በሬን ዘግቼ ተኛሁ።

ወርቄን አልጠየቅኋትም። የታመመ ሰው ሳይጠይቁ መቅረት በእኛ ዘንድ ምን ያህል ነውር እንደሆነ ታውቃላችሁ። ግን ፊቷን ማየት አልቻልኩም። በኋላ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ወርቄ ናት፤ አንድ እጇ በፋሻ እንደተጠቀለለ፣ በሌላው ብርቱካን አንጠልጥላ። የምትጠየቀው እሷ፣ ጠያቂዋም እሷ! ከሳሪስ አቦ እኛ ቤት ድረስ ታክሲ እየቀያየረች፣ በዚያ እጇ እየተጋፋች ነው የመጣችው። አለቀስኩ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ፤ ከዚያ በፋሻ የታሰረውን እጇን ራሴ ላይ ጭና ጸለየችልኝ። ያን ቀን ሕይወቴን ለጌታ ለኢየሱስ ሰጠሁ። ሃሌሉያ!

መንቀጥቀጡ በአንድ ጊዜ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽም፤ እዚህ መድረክ ላይ ውሸት ምን ያደርግልኛል። ቀስ በቀስ ነው የተወኝ። ዛሬ ይኸው ማይኩን በአንድ እጄ ይዤ ቆሜያለሁ። ክብር ለእርሱ ይሁን!

ከዚያ ባለቤቴ ታመመ። የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ወገቡን ሲታመም ከመሪ ወረደና ቤቱ እኔ ላይ ወደቀ። እኔ ከማሽን በቀር ሌላ ሙያ የለኝም። እያመነታሁም ቢሆን ሲቪ አሠርቼ ማመልከት ጀመርኩ። ለኢንተርቪው ይጠሩኛል፣ ለብሼ እሄዳለሁ፣ ደርሶ ያው ጥያቄ ይመጣል፤ ሥራ ላይ ያልጠበቁት ችግር ገጥሞዎት እንዴት ተወጡት ይሉኛል። እኔ ከዚያ አደጋ የበለጠ ያልጠበቅሁት ችግር የለኝ፣ እሱኑ አነሳለሁ። ጌታ ረዳን፣ ጓደኛዬም በሕይወት ተረፈችልኝ ብዬ እዘጋዋለሁ።

አንድ ቦታ ወጣት ኢንጂነር ነበር የሚጠይቀኝ፤ ትሑት ልጅ ነው። አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ሰማኝና፣

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ ምን አደረጉ?» አለኝ።

«እኔማ ምንም አላደረግሁም» አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እንደውልልዎታለን አሉኝ፤ እነሱም አልደወሉም። ሌላም ቦታ ሄጄ ያንኑ ተናግሬ ያንኑ አገኘሁ። ቅዱሳን፣ እዚህ ቤት እኔ አደረግሁ የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አንልም። ክብሩን ለባለቤቱ እንሰጣለን፣ ደግም እናደርጋለን። እኔም ያንን ይዤ ነው ሰው ቢሮ የገባሁት። እንዲያውም በውስጤ፣ ሥራው ቢቀርም ጌታዬን አከበርኩ እያልኩ እጽናና ነበር።

አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ለወርቄ አማረርኩላት። ጌታ በሩን ሁሉ ዘጋብኝ፣ ልጆቼን ምን ላድርግ አልኳት። ምን ጠይቀውሽ ምን መለስሽ አለችኝ። ነገርኳት። ወርቄ ስትቆጣ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አየሁ።

«ምንም አላደረግሁም አልሻቸው? ቀዩን የማሽን ማቆሚያ ቁልፍ የመታው ታዲያ ማነው? ሰዎቹ እጄን ሊጎትቱ ሲሉ እንዳትነኳት ብሎ የከለከለው ማነው? ቴክኒሻኑ ሮለሩን እስኪፈታ ወገቤን አቅፈሽ የያዝሽው አንቺ አይደለሽም? ቢጎትቱኝ ክንዴን አጣ እንደነበር ሐኪሙ ነግሮኛል። ጌታ እኔን ያተረፈኝ በአንቺ እጅ ነው። እሱ የሠራበትን እጅ እንዴት ምንም ነው ትያለሽ?»

አላመንኳትም። ልታጽናናኝ ፈልጋ ነው ብዬ አሰብኩ። እዚያው ስልኳን አውጥታ ቴክኒሻኑ ጋር ደወለችና አገናኘችን። እሱም ያንኑ ቃል በቃል ነገረኝ፤ ጨምሮም አንቺ ባትኖሪ እኔ ራሴ ደንግጬ እቀር ነበር አለ። የአዳራሹ በር ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። ቀስ እያለ መጣልኝ፤ ቁልፉን በመዳፌ ስመታው፣ የወርቄ ላብ አንገቴ ላይ ሲወርድ፣ በጆሮዋ አይዞሽ አይዞሽ ስላት። እነዚያን ሁሉ ወራት የት ተደብቆብኝ እንደነበር አላውቅም።

ወገኖቼ፣ ትሕትና መስሎኝ ነበር። ትሕትና አልነበረም። ራሴ ላይ የፈረድኩትን ፍርድ በመንፈሳዊ ቃል ሸፍኜ እዞር ነበር። ጌታ በምሕረቱ ገለጠው። ስሙ ይክበር!

በዚህ ሳምንት ደግሞ ሌላ ፋብሪካ ለፈረቃ ተቆጣጣሪነት ጠራኝ። የከተማው ባቡር መስመር ከሚያልቅበት ብዙም አይርቅም። የጠያቂዎቹ ሰብሳቢ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ ጥያቄው እንደተለመደው መጣ። ጸለይኩ፣ ጌታ ረዳኝ አልኩ፣ ያንን ደግሞ የትም ቦታ አልተወውም። ከዚያ ግን እኔ ያደረግሁትን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ድምፄ ተሰበረ፤ እጄ ግን ጠረጴዛው ላይ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር። ሴትየዋ ነገ እኛ ጋ ቢደርስስ ምን ያደርጋሉ አሉኝ።

«ማሽኑን አቆማለሁ። ማንም እንዳይጎትት እከለክላለሁ። የሚፈታ ሰው አስጠራለሁ። የተጎዳውን ሰው ደግሞ ብቻውን አልተውም፤ ያኔም አልተውኩም።»

ይህን ከገዛ አፌ ስሰማው እንባዬ መጣ። ሴትየዋ ውኃ ቀዱልኝ። ከዚያ ማሽኖቹን እንዳይ ወደ ውስጥ ወሰዱኝ። አንዱ ሲነሳ ወለሉ ነዘረኝ፤ እኔ ግን አጠገቡ ቆሜ ጠበቅሁ፣ እንዴት እንደሚሠራም ጠየቅኋቸው።

ታዲያ ተቀጠርሽ ወይ ትሉኛላችሁ። አላውቅም። እስካሁን አልደወሉም። ሽማግሌዎቻችንም ምስክርነት ነገሩ ሲፈጸም ነው፣ ሥራው ሲገኝ ብትመሰክሪ አሉኝ። ልክ ናቸው፣ የቤታችን ልማድ እንደዚያ ነው። እኔ ግን ፈውሴን በሰው ስልክ ላይ አንጠልጥዬ መጠበቅ አልቻልኩም። ባለቤቴ ዛሬም አልጋ ላይ ነው፤ ኑሮው ዛሬም ከብዶኛል፤ ጸልዩልኝ። ቢደውሉ አመሰግነዋለሁ። ባይደውሉ ነገ ሌላ በር አንኳኩቼ ያንኑ እናገራለሁ፣ ጌታንም አመሰግነዋለሁ። ተፈጸመ የምለው ይህን ነው።

እዚህ መካከል ራሱ ላይ ፈርዶ የተቀመጠ ሰው ካለ፣ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ዳኛው አንተ አይደለህም፣ አንቺም አይደለሽም። ጌታን እመኑት። ያን ቀን አብሯችሁ የነበረውን ሰው ደግሞ ፈልጉና ምን እንዳየ ጠይቁት፤ ፊቱን አትሽሹ። እኔ ስሸሻት የኖርኳት ሴት ናት ምስክሬ ሆና የተገኘችው።

ወርቄ፣ ነይ እስቲ እህቴ፣ አጠገቤ ቁሚ። እጅሽን ጫኚብኝና ለሁላችንም ጸልዪልን።