«ሊቭ» የምትባል ቃል

ስዊድን አገር፣ ሃሉንዳ ባለው ሕንፃችን ምድር ቤት ውስጥ ትቬትስቱጋ አለ፤ የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍላችን ነው። ሰኞ ሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተራው የእኔ ነው። ከእኔ በፊት የሚያጥቡት አንዲት ቺሊያዊት ሴትዮ ነበሩ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ በወጣትነታቸው በስደት መጥተው እዚሁ አርጅተዋል። የምንግባባው በስዊድንኛ ነው። ስዊድንኛ አንቱታ የሚባል ነገር ስለማያውቅ ፊት ለፊት «አንቺ» ነው የምላቸው፤ እዚህ ስጽፍ ግን እጄ እሺ ስለማይለኝ አንቱ እያልኩ እቀጥላለሁ። እሳቸው «ሚሃ» ይሉኛል፣ በአፍ መፍቻቸው በስፓኒሽ «ልጄ» እንደማለት ነው።

አዲስ አበባ አሥራ ስምንት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ጥርሴን የነቀልኩበት ሙያ ነው። እዚህ የምሠራው አረጋውያንን መንከባከብ ስለሆነ ስለ ድሮ ሙያዬ የሚጠይቀኝ የለም። አንድ ቀን ካልሲ እያጠፍኩ ሳላስበው ለሴትዮዋ ነገርኳቸው። እጄን ለቀም አድርገው አስተምሪኝ አሉኝ።

ምክንያታቸው ወንድማቸው ነበር። ከእሱ ሌላ የቀራቸው ዘመድ የለም። እንግሊዝ አገር ይኖራል፤ የጉሮሮ ሕመም ድምፁን ወስዶበት ሆስፒታል ተኝቷል። ስለ እሱ የምትነግራቸው ሚስቱ ብቻ ናት፣ እሷ ደግሞ ከእንግሊዝኛ ሌላ አታውቅም። ሴትዮዋ ከሁሉ የሚፈሩት ሳያዩት እንዳይሞትባቸው ነው። «ሻንጣዬ ዝግጁ ነው። መቼ መምጣት እንዳለብኝ የምትነግረኝ እሷ ናት፣ እኔ ደግሞ የምትለውን አልሰማትም» አሉኝ። በዚያ ላይ አንዴ ለብቻቸው መልእክት ጽፈው ጉድ ሆነዋል። በስፓኒሽ «ኤክሲቶ» ስኬት ማለት ነው። እንግሊዝኛውም ከዚያው የተወለደ መስሏቸው ለወንድማቸው መልካም «ኤግዚት» ተመኙለት። መልካም መውጫ ማለታቸው ሆነ። ሚስትየዋ ሳምንት ሙሉ አልመለሰችላቸውም።

ትምህርቱን ገና ስንጀምር ቅናት ያዘኝ። እኔ ተማሪ ሳለሁ ግድግዳ ላይ ለጥፌ በስንት መከራ የሸመደድኳቸውን ረጃጅም ቃላት፣ በስፓኒሽም ስላሉ፣ ሴትዮዋ ሳያጠኑ ያውቋቸዋል። «ኢንኤቪተብል»፣ የማይቀር፣ ስላቸው፣ የአክስቱን ልጅ መንገድ ላይ እንዳገኘ ሰው፣ «ኢኔቪታብሌ!» ብለው ይስቃሉ። የሚጥሏቸው አጫጭሮቹ ናቸው፤ ጌት፣ ፑት፣ ቴክ፣ ሊቭ። «ፑት አፕ ዊዝ» መታገስ ማለት ነው ስላቸው በጣታቸው ቆጠሩና፣ «ማስቀመጥ፣ ላይ፣ ጋር። ትዕግሥቱ የታለ?» አሉኝ። እኔም እንደ ድሮ ክፍሌ «እንዲሁ ይሸመደዳል» አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር እነዚህን ትንንሽ ቃላት እኔም የማውቃቸው መጽሐፍ ላይ ነው። ከፈረንጅ አፍ በፍጥነት ሲወጡ ግማሾቹ ያመልጡኛል። ይህን ግን አልነገርኳቸውም። ኩራት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

አንድ ሰኞ ማሽኑ እየተሽከረከረ ስልካቸው ጮኸ። የወንድማቸው ሚስት ናት። ሴትዮዋ ስልኩን እጄ ላይ አስቀምጠው «አሁን ልምጣ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ» አሉኝ። ሐሙስ የዓይን ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ነበራቸው፤ ስምንት ወር የጠበቁት ቀጠሮ ነው። ጠየቅኩላቸው። ሚስትየዋ ረጋ ባለ ድምፅ ባሏ «ኮምፈተብል» መሆኑን ነገረችኝ። ተመችቶታል ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ «አይ ዉድንት ሊቭ ኢት ቱ ሎንግ» አለች።

ሊቭ መሄድ ነው። ዉድንት ደግሞ አላደርገውም ነበር። እንግዲህ እኔ ብሆን አልሄድም ነበር፣ ጉዞው ይቆይ ማለቷ ነው ብዬ በልቤ ሰዋስዉን ገጣጠምኩት። ድገሚልኝ ማለት እችል ነበር። ግን አሥራ ስምንት ዓመት ያስተማረች ሰው፣ ተማሪዋ ፊት፣ እንዴት ድገሚልኝ ትላለች? አመስግኜ ዘጋሁት።

«ተመችቶታል፣ አይቸኩሉ ብላለች» አልኳቸው። ይህም አልበቃኝ፤ «በእኛ አገር የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል» ብዬ ጨመርኩበት። ሴትዮዋ ግንባሬን ሳሙኝ። ሐሙስ ዓይናቸውን ታክመው ቅዳሜ ሊበሩ ወሰኑ።

ወንድማቸው ረቡዕ ቀን ሞተ።

ሴትዮዋ እያለቀሱ ደውለው ሲያረዱኝ ቤት ነበርኩ። ስልኩን እንደዘጋሁ ልጄን ጠየቅኳት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፤ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። እንግሊዝኛዋን ከስልኳ ነው የለቀመችው። ሚስትየዋ ያለችውን እንደሰማሁት ደገምኩላት።

ቀና እንኳ ሳትል «ቶሎ ነይ ማለት ነዋ፣ ማማ» አለችኝ። «ብዙ አታቆዪው፣ ከቆየሽ አትደርሺም ዓይነት ነገር። ማን ነው ያለሽ?»

ክው አልኩ። መግቢያው ላይ ጫማዎቹ መሃል ተቀመጥኩ።

ሴትዮዋ ቀጠሯቸውን ጥለው ሐሙስ ጠዋት በረሩ። እዚያ ሳሉ ስንት ጊዜ መልእክት ጽፌ እንደሰረዝኩ አላውቅም። በስልክ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይነገራል? ዝምስ እንዴት ይባላል? ለንስሐ አባቴ ደውዬ ነገርኳቸው፤ «ሳታውቂ ያደረግሽው ነው» ብለው አጽናኑኝ። ሳላውቅ መሆኑ ነው እኮ የሚያቃጥለኝ። እንቅልፍም ምግብም እምቢ አለኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ፣ ሴትዮዋ ልብስ ሳይዙ ወደ ትቬትስቱጋው ወረዱ። ጥቁር ለብሰዋል። አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀምጠው ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጡኝ። «ቀብሩ ላይ ሚስቱ ፊቷን አዞረችብኝ» አሉኝ። «ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም። በዚያ በሚያምረው እንግሊዝኛሽ ደብዳቤ ጻፊልኝ። አትቸኩይ ያልሽኝ አንቺ ራስሽ ነሽ በያት።»

እስክሪብቶውን ያዝኩት። ያሰኘኝን ብጽፍ አያውቁትም። አንድ ሁለት የሚያምሩ ዓረፍተ ነገሮች ጽፌ፣ አሽጌ፣ ልሸኛቸው እችል ነበር፤ አምላክ ይቅር ይበለኝና ይህን አስቤዋለሁ። እስክሪብቶውን ግን አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩት።

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ቶሎ ይምጡ ነበር ያለችው።»

ቢጮሁብኝ ደስ ባለኝ። ቢሰድቡኝም እሺ ነበርኩ። ወረቀቱን ከጉልበቴ ላይ አንስተው ለሁለት አጠፉትና ኪሳቸው ከተቱት።

«ነርሶቹ ወንድሜ እስከ መጨረሻው በሩን ሲያይ ነበር ብለውኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «እንግሊዝኛው ያልገባኝ መስሎኝ ነበር።»