የእኅቴ አውራ ጣት

ታላቅ እኅቴ ከልጅነቷ ጀምሮ የአእምሮ እድገቷ ዘገምተኛ ነው። አባታችን ሲሞት ቡሬ አጠገብ ያለው ሁለት ጥማድ መሬት በእሷ ስም የይዞታ ደብተር ወጣለት። ውሉ ግን የእኔ ሥራ ነበር። የእኩል አራሹ ውል በታደሰ ቁጥር ከምኖርበት ከፍኖተ ሰላም እሄድና አውራ ጣቷን ይዤ፣ ቀለም አስነክቼ፣ ወረቀቱ ላይ እጫነዋለሁ። ምን እንደተጻፈ አንድ ቀን እንኳ አንብቤላት አላውቅም። አስተማሪ ነኝ እኮ!

አምና አራሹን ልቀይር ቆረጥኩ። የቆየው አራሽ፣ ጎረቤታችን፣ ያለው አንድ በሬ ብቻ ነው፤ ከሰው በሬ ጋር እያቀናጀ ነው የሚያርሰው፣ ሁልጊዜም ይዘገያል። አዲሱ ሰውዬ ባለ ሁለት ጥንድ በሬ ነው። ድርሻዋንም በጆንያ ሞልቼ እቤቷ አደርሳለሁ አለኝ፣ እሷ እየሰማች። ተገላገለች ብዬ ደስ አለኝ።

ቀበሌ ገብተን ጣቷን ልይዝ ስል እጇን ጨበጠች። ላላቅቀው ታገልኩ፤ አልሆነም።

“ምነው?” አልኳት።

“አዲሱ ሰውዬ ክምሩን አያስመርጠኝም።”

በመንደራችን አራሽ እህሉን ለሁለት ይከፍላል፣ ባለመሬት ይመርጣል። ጎረቤታችን አውድማው ላይ እህሉን ሁለት ቦታ ይከምርና “በይ እታለም፣ ምረጪ” ይላታል። እሷም ዞር ዞር ብላ አይታ ከአንዱ አጠገብ ቁጭ ትላለች። እኔ እስቅ ነበር። ለካ ዓመቱን ሙሉ ምን ትፈልጊያለሽ የሚላት ሰው እሱ ብቻ ኖሯል።

የቀበሌው ጸሐፊ ወደ እኔ ዞሮ “ለመሆኑ ይገባታል?” አለኝ።

ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ጊዜ ጣቷን ስጫን ቀለሙን የሚያቀርብልኝ እሱ ራሱ ነበር፤ አንድም ቀን ይገባታል ወይ አላለም። እምቢ ስትል ነው ጥያቄው የመጣለት። ግን ምን አፍ አለኝ? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ቀድሜ የናቅኋት እኔው ነኝ። አፈርኩ።

“እሷን ጠይቃት” አልኩት።

ማን ይረስልሽ ሲላት ጎረቤታችንን ጠራች።

“እሱ ድሃ ነው፤ እህሉ ያንስብሻል” አልኳት።

“አውቃለሁ” አለች።

በጎረቤታችን ስም የተጻፈውን ውል ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ጣቷን ራሷ ቀለም ውስጥ ነክራ አተመች።

ዘንድሮ እህሉ እውነትም አነሰ። አውድማው ዳር ቆሜ ሳጉረመርም ሰማችኝ።

“መሬቱ ያንተ ነው እንዴ?” አለችኝ።