ቀይ ክር የታሰረበት መደብ

ሐሙስ፣ ንጋት 12 ሰዓት፤ አሰላ

የጭላሎ ተራራ ገና ከደመናው አልወጣም። ገብስ ሊጭን ወደ ጮሌ የሚወጣ ፊያት አገኘሁ፤ ጋቢና ሦስት ብር። የይለፍ ወረቀቴ ደረት ኪሴ ውስጥ ነው።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ መምህር? በዚህ ጭቃ ምን ፍለጋ ነው?» አሉኝ ሾፌሩ ጋሽ ቱሉ።

«አበባ ለማየት ነው» አልኳቸው። ሳቁብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና መስከረም እኔና ሰናይት፣ የአንድ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህራን፣ ጮሌ አጠገብ በሚያርሱት በእማማ ዘነበች ማሳ ዳር አደይ አበባ በሥዕል ብሩሽ ስናዳቅል ሰነበትን። ለገሚሶቹ ከአንድ ተክል ብቻ የወሰድነውን የአበባ ብናኝ፣ ለቀሩት ከአምስት ተክል የቀላቀልነውን ቀባን። ንብ እንዳይነካቸው በሻሽ ሸፈንናቸው። «የብዙ አባት ልጆች ይበረታሉ» አለች ሰናይት። እኔ ደግሞ አንድ ጥሩ አባት ይበቃል ብዬ ድርቅ አልኩ። ወዲያው ሩቅ ምዕራብ፣ ጎሬ ተመደበች። ስትሄድ ተወራረድን፤ የተሸነፈ ዝውውር ጠይቆ ወዳሸነፈው ይሄዳል። ዘሩን እማማ ዘነበች ሰኔ ላይ በሁለት መደብ ዘሩልን፤ የአንድ አባቱ ችካል ላይ ቀይ ክር፣ የብዙ አባቱ ላይ ነጭ።

ዓመቱን ሙሉ ናፍቃኛለች። ሌላ ምን ልበል።

ረፋድ 4 ሰዓት፤ ኬላ

ታጣቂው ከቦርሳዬ ብሩሽ አወጣ። «መፈክር ልትጽፍ ነው?»

«አይ፣ ለአበባ ነው።»

ብሩሹን አገላብጦ አየና «እለፍ» አለ።

ከቀኑ 8 ሰዓት፤ ጮሌ አጠገብ

አንደኛው መደብ ወገቤ ይደርሳል፣ በአበባ ተጨናንቋል። ሌላው ጉልበቴን አላለፈም፣ ሳስቷል። በረጅሙ መደብ ችካል ላይ ያለው ክር ቀይ ነው። አሸነፍኩ። ልትመጣ ነው። ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ።

«ቀዩ በረታ፣ እማማ» አልኳቸው።

«እሱንማ ያሰርኩት እኔ ነኝ» አሉ የገብስ ጭኮ እያቀረቡልኝ። «ሐምሌ በረዶ ጥሎ ሁለቱም ክር ጭቃ ውስጥ ወድቆ አገኘሁት። ማተብ የመሰለ ነገር መሬት ላይ አይተውም ብዬ አጠብኩና ቀዩን ላማሩት አሰርኩልህ።»

«ፊት የትኛው ላይ እንደነበረ አያስታውሱም?»

«አላስታውስም ልጄ። አጠፋሁ እንዴ?»

«ምንም አላጠፉም» አልኳቸውና ጭኮውን ተቀበልኩ።

ዓርብ፣ ወደ አሰላ

መንገዱን ሁሉ ከራሴ ጋር ስሟገት ነበር። «ቀዩ በረታ» ብዬ ብጽፍላት ውሸት አይደለም፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰናይት ቃሏን አታጥፍም፣ ትመጣለች። ግን በየመስከረሙ አደይ ባየሁ ቁጥር ያ ችካል ትዝ ሊለኝ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሰላ ገባን። ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ቆሜ ጻፍኩላት፤ «ክሮቹ ተቀላቅለዋል፣ ማን እንዳሸነፈ አይታወቅም።» ከዚያ ጫማዬን ሳልጠርግ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ገባሁና ወደ ጎሬ የዝውውር ቅጽ ሞላሁ።

«ምክንያት የሚለውን ባዶ ተውከው» አለችኝ ጸሐፊዋ።

እስክሪብቶዋን ተቀብዬ «ተሸንፌአለሁ» ብዬ ጻፍኩ።