አባባና የሥራው እንግሊዝኛ

አባባ የድሮው ባቡር ሠራተኛ ስለነበር ፈረንሳይኛውን ያንበለብለዋል። እንግሊዝኛ ግን አይሆንለትም። እኔ የምሠራበት የኢንዱስትሪ ፓርክ ፋብሪካ ጥበቃ እንደሚቀጥር ሲሰማ ደብተር ገዝቶ «አስጠኚኝ» አለኝ። ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ነው።

ያስጠናሁት ሥራውን መናገርና በምን እንደሚሄድ መናገር ነበር። «አይ ጎ ቱ ወርክ ባይ ባስ» በል እለዋለሁ፤ ፈረንሳይኛው ጣልቃ እየገባ ምላሱን ያስረዋል። ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም። አንድ ቀን «ሕፃን ልጅ እንኳ ይይዘዋል!» ብዬ ደብተሩን ወረወርኩበት። ጎንበስ ብሎ አነሳውና «እስቲ እንደገና በይልኝ» አለኝ።

በቀጠሮው ቀን በዚያ ሙቀት ከረባት አስሮ መጣ። የውጭ አገር ሰው የሆነው አለቃዬ ሽበቱን አየና አንድም ነገር ሳይጠይቀው ወደ እኔ ዞሮ በጥድፊያ እንግሊዝኛ «እሱን ራሱን ማን ሊጠብቀው ነው?» ብሎ ሳቀ። አለቃዬ ነውና እኔም ሳቅኩ።

በሩ ላይ አባባ «ምን ብሎ ነው ያሳቀሽ?» አለኝ።

«እንግሊዝኛህ ገና ይቀረዋል አለ» አልኩት።

ይኸው ዓመት ሆነው። ጠዋት ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ የፋብሪካው ሰርቪስ እስከሚያነሳኝ ድረስ አብሮኝ ይቆማል። «አይ ጎ ቱ ወርክ ባይ ባስ» ይለኛል፤ አንዲት እንከን የለውም። «አሁንስ ልክ ነኝ?» ይለኛል።

«ገና ነህ» ብዬው ሰርቪሱ ላይ እወጣለሁ።