ከመርዶው በፊት አንድ ቀን በባሕር ላይ

አባቴ አቶ ዘገዬ ልብስ ሰፊ ነበር። ደብረ ብርሃን ውስጥ እሱ ያልሰፋው ኮት የታየበት ሠርግ አልነበረም ብል ብዙም አልዋሸሁም። በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት በሞያሌ በኩል ናይሮቢ እኔ ዘንድ ሲደርስ ግን ከሙያው የተረፈው አንድ መቀስና አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥላት ሜትር ብቻ ነበር። ሁርሊንግሃም ሰፈር ያለችው ምግብ ቤታችን ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ የጠረጴዛ ልብስ ይዘመዝማል። ካቀረቡለት ይበላል፤ ካላቀረቡለት ዝም ነው።

ወንድሜን ዘርይሁንን አዲስ አበባ ላይ በቀይ ሽብር ገድለውታል። ይህን የነገረኝ ከዚያ አምልጦ የመጣ ጓደኛው ነው። አባቴን የመጣ ዕለት "ዘርይሁንስ?" ብለው፣ "ደህና ነው፤ ወደ ሱዳን ወጥቷል አሉ" አለኝ። እንግዲህ አልሰማም ማለት ነው። የስድስት ወር እርጉዝ ነበርኩ፤ ሆዴን ይዤ ሽንት ቤት እየገባሁ አፌን በፎጣ አፍኜ አለቅስና ወጥቼ ሽሮውን አማስላለሁ። የሰፈሩን አበሻ ሁሉ፣ "አደራ፣ አባዬ እንዳይሰማ" ብዬ አስምያለሁ።

ጓዳ የምታግዘን ጎረቤታችን እህተማርያም ናት በመጨረሻ የያዘችኝ። "ከመንገደኛ ከሚሰማው በወግ ይረዳ። እሑድ ጧት ሰዎቹን እኔ እሰበስባለሁ" አለች። ምን እንዲህ አጣደፋት ብዬ ነበር። ብቻ እሺ አልኩ። ባሌ ጓንጉል ደግሞ ምጽዋ ባሕር ኃይል የኖረ ሰው ነው፤ ለሰው ሐዘን ሁሉ መድኃኒቱ ባሕር ይመስለዋል። "ከመርዶው በፊት አንድ ቀን እንኳ ደስ ይበለው" አለና ዓርብ ማታ በባቡር ሞምባሳ ይዞን ወረደ።

ጀልባዋ ጠባብ ነች፤ ባለቤቷ ሙዜ ሳሊም የሚባል ጥቁር፣ ቀጭን ሽማግሌ ነው። እኔና ጓንጉል ቀድመን ገባን። ሙዜ ሳሊም አባቴን ውኃ እንዳይነካው አዝሎ ሲያመጣው፣ የለመደብን ነገር፣ ሁለታችንም "ኖር" ብለን ብድግ አልን። ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን ዘመመች። ሙዜ ሳሊም በስዋሂሊ ምን እንደተሳደበ እንጃ። አባቴ እዚያው ጀርባው ላይ እንደታዘለ፣ "በእግዜር፣ ተቀመጡ" ይለናል። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ነገ የሚጠብቀው ነገር ትዝ አለኝና ፊቴን ወደ ባሕሩ አዞርኩ።

ከዳር ርቀን መንጠቆ ጣልን። አባቴ ክሩን እንደያዘ ሌላ ሰው ሆነ። ክር አይደል፣ ዕድሜውን ሙሉ የኖረበት። በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ "ቆይ፣ እየቀመሰች ነው" አለና ሳብ ሲያደርገው ክንድ የምታህል ቀይ ዓሣ መጣች። ፈገግ አለ። ከመጣ ጀምሮ ጥርሱን ያየሁት ያኔ ነው።

"ዘርይሁን ይህን ቢያይ" አልኩት። ምላሴ በተቆረጠ።

"ሱዳንም ዓሣ አለ" አለ ክሩን እየጠቀለለ። እኔም አዎ አልኩ።

ከቀትር በኋላ ነፋሱ ተነሣ። ሙዜ ሳሊም ሸራውን አውርዶ ወደ ዳር መቅዘፍ ሲጀምር ማዕበሉ ከጎን መጣና ጉልበታችን ድረስ ውኃ ሞላን። ጓንጉል በቆርቆሮ ይቀዳል፣ እኔ በድስት። ሌላ መጣ፤ ዓሣዋንም ይዟት ሄደ። አባቴ የጀልባዋን ጠርዝ ጨብጦ አማተበ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ጮክ ብሎ፣ "ልጄ ዘርይሁን፣ መጣሁልህ እንግዲህ። ለእህትህ ግን አንተ ለምንላት" አለ።

ድስቱ ከእጄ ወደቀ። እሱም ያፈተለከው ቃል ገብቶት ዞሮ አየኝ። መርዶ እንደሰማ ሰው እስክጮህ ይጠብቃል፤ እኔ ግን አልጮህኩም።

"ታውቂያለሽ?" አለ።

"ከመምጣትህ በፊት ጀምሮ አውቃለሁ። አንተስ?"

"አስከሬኑን አሳይተውኛል። እንዳታለቅስ አሉኝ፣ አላለቀስኩም። ልጄ ቤት ደርሼ አለቅሳለሁ እያልኩ ያን ሁሉ በረሃ መጣሁ። በሩን ስትከፍቺልኝ ሆድሽን አየሁ።" የጨበጠውን ጠርዝ ለቀቀ። "እስክትወልድ እንዳትነግሪያት ብዬ እህተማርያምን በማተቧ አስምያታለሁ።"

እህተማርያም። የሁለታችንንም ምሥጢር ይዛ፣ ጠዋት እኔን፣ ማታ እሱን እያጽናናች በመካከላችን ሽንኩርት ትልጣለች። ያን ሰዓት ባገኛት ባሕር ውስጥ እወረውራት ነበር። በአንድ ግድግዳ ግራና ቀኝ ለየብቻችን አፋችንን አፍነን ስንነድ እያየች። ደግሞ ምን ታድርግ፤ ያስማልናት እኛ ነን።

አባቴ ጮኸ። እንደ ሕፃን፣ እንደ ሴት፣ ደረቱን እየመታ ጮኸ። ተሳብኩና አንገቱን አቀፍኩት፤ አብረን "ወንድሜ"፣ "ልጄ" እያልን አለቀስን። ጓንጉል ውኃውን እየቀዳ ያለቅሳል። ማዕበሉ መቼ እንደበረደ አላወቅሁም። ዳር ስንደርስ ሙዜ ሳሊም አባቴን እንዳመጣው አዝሎ አሸዋው ላይ አስቀመጠው፤ ትከሻውን ይዞም "ፖሌ፣ ፖሌ" አለው። በእነሱ አገር አይዞህ ማለት ነው።

እሑድ ጧት ከባቡር ወርደን ቤት ስንደርስ ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ በሩ ላይ ቆሟል። እህተማርያም ወደ አባቴ ቀረብ አለች። "አቶ ዘገዬ፣ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ" ብላ ጀመረች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

"ተይው እህተማርያም፤ እኛ መርዷችንን ተረዳድተን መጥተናል" አላት። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አባቴ ሜትሯን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተተና ለለቀስተኛ ከተነጠፈው ፍራሽ ላይ ተቀመጠ። እኔንም እጄን ይዞ አጠገቡ አስቀመጠኝ።

"ልጄ የሞተ ዕለት አንድም ጎረቤት አላለቀሰለትም፤ ክልክል ነበር" አለ። "እባካችሁ፣ እናንተ ጮክ ብላችሁ አልቅሱለት።"